«ኮምፓራቲቭ» ምንድን ነው? ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ምን ትማሩበታላችሁ?

ንጽጽራዊ ፖለቲካ ከፖለቲካ ሳይንስ ዘርፎች አንዱ ነው። አገራትን እያነጻጸረ «እዚህ የሆነው እዚያ ለምን አልሆነም?» ብሎ ይጠይቃል። አዲስ ነገር አይደለም፤ አርስቶትልና ተማሪዎቹ የ158 ከተሞችን ሥርዓተ መንግሥት ሰብስበዋል ይባላል።

ፓርላማዊና ፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት፣ ፌደራሊዝም፣ የምርጫ ሥርዓት... እነዚህን ሸምድዳችሁም ታልፋላችሁ። ከባዱ ዘዴው ነው። እኛ ሁሌ የምንጠቅሰው ምሳሌ ዳንኤል ፖስነር በ2004 እ.ኤ.አ ያሳተመው ጥናት ነው።

ቼዋና ቱምቡካ የሚባሉት ሕዝቦች በማላዊም በዛምቢያም ይኖራሉ። መሃላቸው ያለውን ድንበር ያሰመሩት እንግሊዞች ናቸው፤ ባህሉ ወዲህም ወዲያም ያው ነው። ፖስነር ድንበሩ አጠገብ ያሉ መንደሮች ድረስ ሄዶ ሰዎቹን ጠየቀ። ማላዊ በኩል ያሉት የሌላውን ብሔር ሰው ፕሬዚዳንት አድርጎ መምረጥም ሆነ ከእሱ ጋር መጋባት ብዙም አይዋጥላቸውም። ዛምቢያ በኩል ግን እንደ ወዳጅ ነው የሚተያዩት።

ለምን? ማላዊ ውስጥ ሁለቱም ብዙ ስለሆኑ ለፖለቲከኛ ድምፅ መሰብሰቢያ ይሆናሉ። ሰፊዋ ዛምቢያ ውስጥ ግን ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ለየብቻ ስለማያዋጣቸው «የምሥራቅ ሰዎች» ተብለው አብረው ይቆማሉ። «እነዚህ ድሮም አይስማሙም» የሚል ፖስት ፊዳችሁ ላይ ሲመጣ ይቺን ጥናት አስታውሱ።

ለመማር ካሰባችሁ፣ ዘርፉ በአብዛኛው የሚሰጠው በፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ክፍል ሥር ነው። ንባቡ ብዙ ነው፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ከሒሳብ የሸሻችሁም ብትሆኑ ስታቲስቲክስ አይቀርላችሁም።