ባቡር ከሌለበት አገር፦ ስለ አዋሽ አሮጌ ጣቢያ

ደብረ ወርቅ ሳድግ “ባቡር” ማለት ለእኛ ወፍጮ ነበር። “ባቡር ደርሰሽ ነይ” ስባል እህሌን ተሸክሜ ነው የምሄደው። በሐዲድ የሚሄደውን ያየሁት ሐኪም ከሆንኩ በኋላ ነው፤ እሱም ቆሞ። ለሥራ ወደ ምሥራቅ ስንሄድ አዋሽ ላይ ምሳ በላንና ወደ አሮጌው ጣቢያ ጎራ አልኩ። ሐዲዱ ዝጓል፣ መሀሉ ሣር በቅሎበታል። ጥበቃው እናታቸው እዚያው ለተሳፋሪ ሻይ እየሸጡ እንዳሳደጓቸው አጫወቱኝ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1886 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ምኒልክ የሐዲዱን ሥራ ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና ሥራው ለዓመታት ቆመ። በአዲስ ኩባንያ ቀጥሎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሐዲዱ ስፋት ግን 1 ሜትር ብቻ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ተሳፋሪው ድሬዳዋና አዋሽ ያድራል። አዋሽ እንግዳ እየተቀበለች ከተማ የሆነችው እንዲህ ነው።

እኔን እንደ ሐኪም የሚከነክነኝ ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ ድልድዩ ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ቁስለኛውም በመቶዎች የሚቆጠር ነበር። ብዙ ቁስለኛ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ማን ይቅደም የሚለውን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሁሌ ይህን ቀን አነሣለሁ። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ሰምተውት አያውቁም።

መስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር ተመረቀ። የራሱ ሰፊ ሐዲድ፣ የራሱ ጣቢያዎች አሉት። አሮጌው ጣቢያ ግን ቀድሞም ዝም ብሎ ነበር። እንግዲህ የሚቀረው ሰዎች የሚያስታውሱት ነው፤ እሱም ዕድሜ አለው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ያን ጊዜ ተረኛ የነበራችሁ፣ ቁስለኛ የተቀበላችሁ፣ ደም የሰጣችሁ ታላላቆቻችን ካላችሁ፣ እባካችሁ ያያችሁትን ጻፉልን። መጻፍ ከከበዳችሁ በዚህ ስብሰባችን ላይ ጥሩኝ፤ እናንተ አውሩልኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።