ከአረብ ቤት የመጣ ቁርስ

ታላላቆቻችን አዲስ አበባ ውስጥ ያደጉት «አረብ ቤት ሂድ» እየተባሉ ነው። ላምባ፣ ክብሪት፣ በወረቀት የተጠቀለለች ስኳር፤ ሳንቲም ከጠፋ ደሞ በዱቤ። ባለሱቆቹ አብዛኞቹ የመኖች ነበሩ። ከፊሎቹ ባሕር ተሻግረው የመጡት ለባቡር ሐዲድ ሥራ ሲሆን፣ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ንግዱም ተከትሎ ገባ።

ታዲያ እኛን የገረመን ነገር ከምግባቸው የትኛው ወደኛ ማዕድ እንደተሻገረ ነው። ባገራችን ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን፣ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። በሠርግ እንኳ ለየብቻ ይታረዳል፣ ድስቱም ይለያል። ስለዚህ ከአረቡ ቤት የወጣው ሥጋ የሌለበት ነው፦ ፉል፣ ሙሸበክ፣ ሻይ። ሳምቡሳ በአንዳንድ አገር የተፈጨ ሥጋ ይሞላባታል፤ በኛ መንገድ ዳር ግን ሆዷ ምስር ነው፣ በጾምም ትበላለች። ፉሉማ እኮ ጭራሽ የሁሉም ሆነ! ባቄላው በአረብኛ ስሙ፣ ፉርኖው በጣሊያንኛ ስሙ፣ ቃሪያው የኛ፤ ለፍስክ ቅቤ፣ ለጾም ዘይት። ሁለት ጎረቤታሞች ሥጋ ሲለያያቸው ባቄላ አገናኛቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ አብሮ ቁርስ መብላት ሰውዬውን የቤት ልጅ አላደረገውም። ዱቤውን የሚጽፍልንን ሰው ስሙን ትተን «አረቡ» እያልን ነው የኖርነው። ብዙዎቹ እዚሁ አግብተው ወልደዋል። ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ፣ ንግዱም ሲጠብ፣ ብዙ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ የመን ሄደ። ልጆቹ ደሞ እዚያ «ሙወለድ» ተባሉ፤ ከውጭ እናት የተወለደ ማለት ነው፣ ሲጠሯቸውም በክብር አይደለም። እዚህ አረብ፣ እዚያ ሐበሻ፤ የትኛው ነው አገራቸው? ሱቁ በብዛት ለጉራጌ ነጋዴዎች ተላለፈ፤ ከነሱም መካከል ሙያውን አረቡ ዘንድ ተቀጥረው የተማሩ ነበሩ። ስሙ ግን «አረብ ቤት» እንደሆነ ቆየ።

በ2007 ዓ.ም. የየመን ጦርነት ሲፋፋም ስደተኞች እንደገና ባሕሩን ተሻግረው መጡ። የኛም ልጆች በዚያው ባሕር ወደዚያ ይሄዱ ነበር፤ ጀልባዎቹ ይተላለፋሉ። አዲሶቹ የመኖች አዲስ አበባ ውስጥ ምግብ ቤት ከፍተው ማንዲ ያቀርባሉ። ማንዲ ሩዝና ሥጋ ስለሆነ ከኛ ገሚሱ አይነካውም። ሄል የገባበትን የወተት ሻይ ግን አብረናቸው እንጠጣለን፤ አሁን አሁን አንዳንዶቻችን ስማቸውንም መጠየቅ ጀምረናል።