ዋስ፣ ተያዥና የቀበሌ ደብዳቤ

ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው የሚቀጥረውን ለማወቅ መፈለጉ አዲስ ነገር አይደለም። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይባል የለ! ጥያቄው ምን ይጠየቅ፣ ማን ይመስክር፣ ሰውየውስ የተባለበትን ይሰማል ወይ የሚለው ነው። ለዚህም የራሳችን ታሪክ በቂ ትምህርት ይሰጣል።

በንጉሡ ዘመን ከተማ ገብቶ ሥራ የሚፈልግ፣ አሽከርም ይሁን ገንዘብ ያዥ፣ «ተያዥ አለህ?» ይባል ነበር። ተያዡ «አውቀዋለሁ» ብሎ ይፈርማል፤ ቢጎድል ከኪሱ ይከፍላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆንና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ እንዲጻፍበት አዘዘ፤ ያለዚያ አይጸናም። ሥርዓቱ ጉድለት ነበረው። ከገጠር የመጣ ዘመድ የለሽ ድኃ፣ ታማኝ ቢሆንም፣ ከበር ይመለሳል። ሆኖም አንድ ቁም ነገር ነበረበት፤ የሚመሰክረው ሰውየውን ያውቃል፣ ለቃሉም ሀብቱን ያስይዛል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ መጣ። የመጀመሪያ ሥራው የቤትና የሠፈር ጉዳይ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ግን መታወቂያና ደብዳቤ ሰጪ፣ ሰው መርማሪም ሆነ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የማጋለጥ ስብሰባ ሲካሄድ፣ «ሥራውን ያውቃል ወይ?» መባሉ ቀርቶ «ከማን ጋር ነው?» ተባለ። የሚያጋልጠው ምንም አያስይዝም፤ የሚጋለጠው ግን እንጀራውን፣ አልፎም ነፍሱን ያጣል።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ቢወድቅም ልማዱ አብሮት አልተቀበረም። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የትግራይ ተወላጆች በማንነታቸው ምክንያት ከሥራ እንዲያርፉ መደረጋቸው እንዳሳሰበው ገልጿል። ይህ የሆነው፣ በዘር፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ አመለካከት ሰውን ከሥራ መለየትን የሚከለክለውን 111ኛውን ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት አገሪቱ በ1958 ዓ.ም. ካጸደቀች ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

እዚሁ ገዳሪፍ፣ በ1977 ዓ.ም. ኡም ራኩባ ከተጠለሉት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ማንነታቸውን ደብቀው ነበር። ሰው ማንነቱን የሚደብቀው ሁልጊዜ ወንጀል ስላለበት አይደለም። የስደተኛ መምህር ዲፕሎማ እንዲጣራ ወደ ሸሸው መንግሥት ደብዳቤ ቢጻፍ፣ መጠለያው ይታወቃል፤ እዚያ የቀሩት ዘመዶቹም ይጠየቁበታል።

እንግዲህ ቀጣሪ አይመርምር ማለት ነውን? አይደለም። ልጆቻችንን የሚያስተምር፣ መድኃኒት የሚያድል፣ የራሽን መጋዘን ቁልፍ የሚይዝ ሰው ሊጣራ ይገባል። ግን ሥራው የሚጠይቀው ብቻ ይጠየቅ፤ ዘሩና የአባቱ አገር አይቆጠር። የሚመሰክርበት ስሙን ይጻፍ፤ የተመሰከረበትም ሰምቶ ይመልስ። ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ደግሞ ሥራው ራሱ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ የፈቀደው ለዚህ ነው። በሰሊጥ እርሻም የሳሉግን ጉብዝና የሚናገረው ያረመው ማሳ እንጂ የያዘው ወረቀት አይደለም።

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናስይዘው ቤትም ከብትም የለንም። አብረን የተማርንና አብረን ያስተማርን ግን አለን። መምህር ለመምህር፣ አናጢ ለአናጢ፣ ስሙን ጽፎ፣ ፊት ለፊት ይመስክር። ስማችን ገና በእጃችን ነው፤ እሱን እናስይዝ።