ያረጀ ላፕቶፕ ለምን ዝም ይላል?

ላፕቶፕ ድምፁ ሲጠፋ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ስፒከሩን ነው። «በቃ ተቃጥሏል» እንልና ወይ ጥግ እናስቀምጠዋለን፣ ወይ በርካሽ እንሸጠዋለን። ግን ከሙዚቃው ፋይል እስከ ስፒከሩ ያለው መንገድ እኮ ረጅም ነው። በአንድ ቀን የተሠራም አይደለም፤ ከ40 ዓመታት በላይ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ የመጣ ነው። ታሪኩን ካወቅን ብልሽቱ የቱ ጋ እንዳለ መፈለግም ይቀልለናል።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ አንዲት ትንሽ ስፒከር ነበረችው። በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ «ጢጥ» ከማለት ብዙም አታልፍም። ለጥገና ግን ጠቃሚ ነበረች፦ ስክሪኑ ምንም ባያሳይ እንኳ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ስንት ጊዜ «ጢጥ» እንዳለ ቆጥሮ ችግሩን መገመት ይቻል ነበር።

የተሻለ ሙዚቃ የመጣው በተጨማሪ ካርድ ነው። በ1989 የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ኩባንያ ሳውንድ ብላስተርን አወጣ። ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ቁጥር ያስፈልገዋል፤ እንደ በር ደወል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ካርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ 7 ቁጥርን ይይዙ ነበር። ችግሩ፣ 7 ቁጥር በተለምዶ የፕሪንተር ነው! ሁለቱ ሲጋጩ ድምፁ ይቆራረጣል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። መፍትሔውም ካርዱ ላይ ያለችውን ጃምፐር ነቅሎ ቁጥሩን መቀየር፣ ከዚያ አዲሱን ቁጥር ለጌሙ መንገር ነበር።

በ1997 ኢንቴል ኤሲ97 የተባለውን ስታንዳርድ ይዞ መጣ፤ በ2004 ደግሞ ኤችዲ ኦዲዮ ተተካ። ካርድ መግዛት ቀረና ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ኮዴክ የምትባል ትንሽ ቺፕ ቁጥሮቹን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ መቀየር ጀመረች። ሆኖም ኮዴኳ የትኛው እግሯ ከስፒከር፣ የትኛው ከኢርፎን ጋር እንደተያያዘ በራሷ አታውቅም። የላፕቶፑ አምራች ይህን መረጃ ባዮስ ውስጥ ያስቀምጣል። መረጃው ከተሳሳተ ዕቃው ሁሉ ደኅና ሆኖ ድምፅ ላይወጣ ይችላል። የሊኑክስ ድራይቨር ለብዙ የላፕቶፕ ሞዴሎች ለየብቻ የተጻፈ ማስተካከያ የያዘውም ለዚህ ነው።

ሶፍትዌሩም የራሱን ድርብ ጨመረ። በ2003 መጨረሻ የወጣው ሊኑክስ 2.6 አልሳ የተባለውን የድምፅ ሥርዓት መደበኛው አደረገ። አልሳ መጀመሪያ ሲጫን የድምፅ መስመሮቹን ዘግቶ ይነሳ ስለነበር ብዙ ሰው ድራይቨሩ እምቢ ያለ መስሎት ተቸግሯል። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱን የድምፅ መጠን ሰጠ። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ብቻ ዝም ካለ ስፒከሩን አትውቀሱት።

ታዲያ ከየት እንጀምር? ድምፁ ወደ የት እንደተላከ ከማየት። ኤችዲኤምአይም እንደ አንድ መውጫ ስለሚቆጠር፣ ኮምፒውተሩ ድምፁን ለሌለ ቴሌቪዥን እየላከ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ኢርፎን ሰኩ። በኢርፎን የሚሰማ ከሆነ ድራይቨሩም ኮዴኳም በአብዛኛው ደኅና ናቸው፤ የቀሩት ተጠርጣሪዎች ስፒከሩና የኢርፎን ቀዳዳው ናቸው። ቀዳዳው ውስጥ ኢርፎን መሰካቱን የምታሳውቅ ማብሪያ ማጥፊያ አለች። አቧራ ከያዛት ወይም ከተጣመመች፣ ላፕቶፑ ኢርፎን የተሰካ እየመሰለው ስፒከሩን ይዘጋል።

በኢርፎንም ካልተሰማ ሊኑክስን ከፍላሽ ላይ አስነሱ፤ መጫን አያስፈልግም። እዚያ ድምፅ ካለ ዕቃው ደኅና ነው፣ ችግሩ ያለው የተጫነው ሶፍትዌር ላይ ነው። እዚያም ከሌለ ኮዴኳ ራሷ ሞታ ሊሆን ይችላል።

ያኔም ቢሆን ላፕቶፑ አላለቀለትም። በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ አስማሚ የራሱን ኮዴክ ይዞ ስለሚመጣ የሞተችውን አልፎ ይሠራል። ነገሩ ከ1989ኙ ሐሳብ ብዙም አይርቅም፦ ድምፅ የሌለው ማሽን ላይ ድምፅ የሚያመጣ ካርድ መሰካት። ልዩነቱ፣ አሁን ከፕሪንተሩ ጋር አይጣላም።