ቁልፉን ማን ይወርሳል?

የካናዳው የክሪፕቶ መገበያያ የኳድሪጋ ሲኤክስ አለቃ ጄራልድ ኮተን በዲሴምበር 2018 ሕንድ ውስጥ ሞተ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ዕድሜው 30 ነበር። ከመሞቱ 12 ቀን በፊት ኑዛዜ ፈርሟል፤ ለሁለት ውሾቹ እንኳ 100 ሺህ ዶላር መድቧል። የይለፍ ቃሉን ግን ለማንም አልነገረም ተባለ። 76 ሺህ ያህል ደንበኞችም ገንዘባችሁ ከሟቹ ላፕቶፕ ጋር ተቆልፏል ተባሉ። ሲመረመር ካዝናው ቀድሞውኑ ባዶ ነበር፤ የኦንታሪዮ ተቆጣጣሪዎች በ2020 ነገሩን ማጭበርበር ብለውታል።

“ገንዘብህን ራስህ ያዝ” የሚለው ምክር ግን ከኮተን ይቀድማል። በ2014 መጀመሪያ የቶኪዮው ማውንት ጎክስ ሲከስር ወደ 850 ሺህ ቢትኮይን ጠፋብኝ አለ (200 ሺህ ያህሉ በኋላ ተገኝቷል)። በዚያው ዓመት ከፕራግ ትሬዞር የተባለች ትንሽ መሣሪያ ለገበያ ቀረበች፤ የመጀመሪያዋ ሃርድዌር ዋሌት። ምስጢራዊው ቁልፍ ከውስጧ አይወጣም። ኮምፒውተርህ ቫይረስ ቢኖርበት እንኳ ክፍያው የሚፈረመው እሷ ውስጥ ነው።

መሣሪያዋ ብትሰበርስ? መፍትሔው በ2013 ተዘጋጅቷል፤ ከ2048 ቃላት መካከል የሚወጡ 12 ወይም 24 ቃላት። እነሱን በቅደም ተከተል የጻፈ ሰው ገንዘቡን በሌላ መሣሪያ ይመልሳል። ስለዚህ ዋሌት ስትመርጥ ከሠሪው ግዛ፤ ቃላቱ ተጽፈው ከመጡልህ አትጠቀምባት፣ ሌባ አዘጋጅቷታል። ቃላቱም በሌላ ኩባንያ ዋሌት የሚሠሩ ይሁኑ፤ ኩባንያም ይሞታልና።

ዋናው ጥያቄ ግን ወረቀቱ ማን እጅ ይደር ነው። ለአንድ ሰው ብትሰጥ በቁምህ ሊወርስህ ይችላል። ለማንም ባትሰጥ አብሮህ ይቀበራል። አዲ ሻሚር የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1979 መላ አግኝቷል፤ ምስጢሩ ለሦስት ይከፈላል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ይከፈታል፣ አንዱ ብቻውን ምንም አያደርግም። ትሬዞር በ2019 ይህን ዘዴ አስገብታለች። የዕድር ሣጥን ቁልፍ ለምን አንድ ሰው ብቻ እንደማይዝ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

ለእኛ አንድ ነገር ይጨመርበታል። የ2013ቱ የቃላት ዝርዝር እንግሊዝኛ፣ ጃፓንኛ፣ ቼክኛም አለው፤ አማርኛ የለውም። ልጇ የሞተባት እናት መሳቢያ ውስጥ 24 የእንግሊዝኛ ቃላት ብታገኝ ልጇ ቋንቋ ያጠናበት ወረቀት ይመስላታል። ቃላቱን ከደበቅህ በኋላ ሌላ ቦታ፣ በአማርኛ፣ ምን እንደሆኑና ማንን ማማከር እንዳለባት ጻፍላት። ያለዚያ ኑዛዜህ ከኮተን ኑዛዜ አይሻልም፤ ለውሻ የሚበቃ ዝርዝር አለው፣ ቁልፍ ግን የለውም።