ከግሪን ቫሊ እስከ እሳት ሸለቆ፤ ባዶ ያልነበረው በረሃ

ላስ ቬጋስና አካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ፣ በተለይም በሄንደርሰን ከተማ ግሪን ቫሊ በሚባለው ሰፈር ቤት ገዝቶ የተቀመጠው ወገናችን፣ ከሌላ ስቴት እንግዳ ሲመጣበት ሁለት ነገር ያሳያል፤ ማታ መብራቱን፣ ቀን በረሃውን። በረሃው ማለት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቫሊ ኦፍ ፋየር፣ በእኛው አማርኛ የእሳት ሸለቆ፣ የተባለው የኔቫዳ ስቴት ፓርክ ነው። ድንኳን ተተክሎ፣ ሥጋው ተጠብሶ፣ ቡናው በጋዝ ምድጃ ተፈልቶ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀዩ ድንጋይ ፍም ሲመስል፣ ከተሰበሰበው ሰው መካከል አንዱ የሚናገራት የማትቀር ነገር አለች፤ «ስንት የሚያምር አገር እያለን፣ እኛስ ለምን እንዲህ አንሠራም?»

ጥያቄዋ የቁጭት ናት፤ ቁጭት ደግሞ ክፉ አይደለም። ነገር ግን የታሪክ ስህተት አለባት። ሠርተናል እኮ! በ1960ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የፈረንጅ ባለሙያ አስመጥተን፣ ካርታ አስነስተን፣ በነጋሪት ጋዜጣ አውጀን፣ የእሳት ሸለቆን አራት እጥፍ የሚበልጥ በረሃ ከልለናል። መጠየቅ ያለበት ከአሜሪካኖቹ መጽሐፍ የትኛውን ገጽ እንደገለበጥን ነው። ለዚህ መልስ ለማግኘት ደግሞ ከግሪን ቫሊ ወደ ፓርኩ የሚወስዱትን ሁለት መንገዶች በጥሞና መከተል ይበቃል።

አስቀድሞ ግን ስለ ግሪን ቫሊ አንድ ነገር ልበል። ስሙ አረንጓዴ ሸለቆ ማለት ነው፤ ምኞት እንጂ ገለጻ አልነበረም። ሄንደርሰን ራሷ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1941፣ ለጦር መሣሪያ የሚሆን ማግኒዚየም ለማምረት በተቋቋመ ፋብሪካ ዙሪያ የበቀለች የሠራተኞች ሰፈር ነበረች፤ ከተማ ሆና የተመዘገበችው በ1953 ነው። ግሪን ቫሊን በ1970ዎቹ መገንባት የጀመረው የላስ ቬጋስ ሰን ጋዜጣ ባለቤት የነበረው የሃንክ ግሪንስፐን ኩባንያ ነው። በረሃው ላይ ሣር ተነጠፈ፣ ዛፍ ተተከለ። ውሃው ከየት መጣ? የደቡብ ኔቫዳ ውሃ ከመቶው ዘጠና እጅ የሚሆነው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ ማለትም የሁቨር ግድብ ከወለደው ከሌክ ሚድ ሐይቅ የሚሳብ ነው። አሁን ያ ሣር እየተነቀለ ነው። ኔቫዳ በ2021 ባወጣችው ሕግ፣ ከመኖሪያ ግቢ ውጭ ለጌጥ ብቻ የተነጠፈ ሣር ከ2026 መጨረሻ በኋላ በኮሎራዶ ውሃ እንዳይጠጣ ከልክላለች።

እንግዲህ የመጀመሪያው መንገድ በዚሁ ሐይቅ ዳር የሚያልፈው ነው። ከሄንደርሰን በሌክ ሚድ ፓርክዌይ ወጥቶ የኖርዝሾርን መንገድ የያዘ ሰው በስተቀኙ አልፎ አልፎ ሰማያዊ ውሃ ይታየዋል። በሐይቁ ሰሜናዊ ክንድ ሥር የሰጠመ አገር አለ። የቨርጂንና የመዲ ወንዞች በሚገናኙበት አካባቢ፣ ዛሬ የፑዌብሎ አባቶች የሚባሉ ሕዝቦች በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ እየዘሩ፣ ከጭቃና ከድንጋይ ቤት እየሠሩ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረው በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ለቀው ሄደዋል። የአገሩ ሰዎች ፍርስራሹን ለገዥው ጄምስ ስክሩገም ጠቆሙ፤ እሱም ማርክ ሃሪንግተን የተባለውን የቅርስ ተመራማሪ ጋበዘ። ቁፋሮው በ1924 ተጀመረ፤ ጋዜጦችም «የጠፋችው ከተማ» አሏት። ወዲያው የሁቨር ግድብ መጣ። ግድቡ በ1935 ተመርቆ ውሃው ሽቅብ ሲወጣ፣ የቀረውን ዕቃ ለማትረፍ ሩጫ ሆነ፤ የተረፈው ዛሬ ኦቨርተን በምትባል ትንሽ ከተማ ባለ ሙዚየም ይታያል። የሞርሞኖች መንደር የነበረችው ሴይንት ቶማስም በ1938 ሰጠመች። ሐይቁ በድርቅ ሲሸሽ የቤቶቿ መሠረት ብቅ ብሏል፤ በ2022 የበጋ ወራት ውሃው ከተሞላበት ዘመን ወዲህ ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅታ ወርዶ ነበር።

ፓርኩንም የሠሩት ያው ጊዜና ያው እጆች ናቸው። የፌዴራሉ መንግሥት በ1931 8,760 ኤከር መሬት ለኔቫዳ አስተላለፈ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1933 ሥራ አጥ ወጣቶችን ያሰማሩበት ሲሲሲ የተባለው ጓድ መንገዱንና የድንኳን መትከያውን ሠራ፤ ከቀዩ ድንጋይ የተገነቡት ሦስት ትንንሽ የመንገደኛ ክፍሎች እስካሁን ቆመዋል። በ1934 በፋሲካ ዕለት ተከፈተ፣ በ1935 በሕግ ጸና፤ የኔቫዳ የመጀመሪያው ስቴት ፓርክ ነው። ዛሬ ከ40 ሺህ ኤከር በላይ ሲሆን፣ ሁለት የድንኳን ሰፈሮች አሉት፤ በሁለቱም በጠቅላላው 72 ቦታ፣ ጥላ ያለው ጠረጴዛ፣ የእሳት ማንደጃና ውሃ። ደጉ ወቅት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ110 ፋረንሃይት ያልፋል፤ በሐምሌ 2023 ሁለት ተጓዦች እዚያው ሕይወታቸው አልፏል። እንግዳ የምታስጎበኙ ሁሉ ይህችን ልብ በሉ።

ድንኳን ከሚተከልባቸው ሁለት ቦታዎች አንዱ አትላትል ሮክ ይባላል። በብረት ደረጃ ሽቅብ ሲወጣ ድንጋዩ ላይ የተፋቁ ሥዕሎች ይታያሉ፤ የተራራ በጎች፣ ሰዎች፣ ጦር መወርወሪያ። አንዳንዶቹ ሁለት ሺህ ዓመትና ከዚያ በላይ ይሆናቸዋል። ባዶ በረሃ የሚባለው እንግዲህ በጽሑፍ የተሞላ ነበር። ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ ማውስስ ታንክ፣ «የማውስ ገንዳ» እንበለው፣ የዝናብ ውሃ ለወራት የሚያቁር የድንጋይ ጎድጓዳ አለ። ማውስ የፓዩት ሰው ነበር። በ1890ዎቹ በነፍስ ግድያ ተጠርጥሮ ወደ ቀዩ ድንጋይ ሸፈተ፤ ውሃው ያለበትን እሱ ያውቅ ነበርና ለጊዜው ተሰወረ፤ ኋላ ግን አሳዳጆቹ ደርሰው ገደሉት። ፍርድ ቤት አልቀረበም፤ የሚነገረው ታሪክ የአሳዳጆቹ ነው። ስሙ ግን በሰሌዳ ተጽፎ የቱሪስት መዳረሻ ሆነ።

ሁለተኛው መንገድ በኢንተርስቴት 15 የሚያስወጣው ነው። አውራ ጎዳናው ላይ ስትደርሱ ነዳጅና ርችት የሚሸጥበት ትልቅ መደብር ታገኛላችሁ። ባለቤቶቹ የሞአፓ ፓዩቶች፣ ማለትም የማውስ ወገኖች ናቸው። በማርች 1873 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በትእዛዝ መሬት ከለለላቸው፤ በዓመቱ ሲሰፋ ሁለት ሚሊዮን ኤከር ገደማ ደረሰ። በአገራችን ልክ፣ አንድ ጋሻ ወደ 100 ኤከር ይጠጋልና፣ 20 ሺህ ጋሻ መሆኑ ነው። በ1875 ምክር ቤቱ ቀነሰውና ስንት አስቀረላቸው? 1,000 ኤከር። አሥር ጋሻ! አንድ የሸዋ ባላባት ብቻውን ይዞት ሊኖር የሚችለውን መሬት ለአንድ ሕዝብ አደላደሉት። የዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ፣ የሎስቶን፣ የታወጀው በማርች 1872 መሆኑን ያስታውሷል፤ በአንድ ዓመት ልዩነት። መሬትን ለመንገደኛ መክፈትና ለባለቤቱ መዝጋት በአንድ ትውልድ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት አስተሳሰብ የተሠራ ነገር ነው።

አሁን ወደ አዋሽ እንሻገር፤ የቀዳነው ይህንን ነውና።

የቆቃ ግድብ በ1960 ተመረቀ። ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራ ነው። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከወንጂ ቀጥሎ የመተሐራን ሜዳ በሸንኮራ አገዳ ሸፈነው። በ1966 ደግሞ ከዚያው ጎን፣ ከፈንታሌ ተራራ ግርጌ እስከ አዋሽ ገደል፣ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን ተከለለ፤ በ1969 በሕግ ጸና። ግድብ፣ የመስኖ እርሻ፣ ፓርክ። ሁቨር፣ ግሪን ቫሊ፣ የእሳት ሸለቆ። ቅደም ተከተሉ ባይገጥምም ነገሩ ይመሳሰላል።

በመካከሉ ከረዩዎች ነበሩ። ከረዩ ከብትና ግመል አርቢ ነው፤ በክረምት ወደ ደረቁ ሜዳ ይወጣል፣ በበጋ ወደ አዋሽ ዳር ይወርዳል። የበጋው ግጦሽ ለአገዳው፣ የክረምቱ ለሳላውና ለቱሪስቱ ሲሰጥ፣ የቀረለት በሁለቱ መካከል ያለው ድንጋይ ነው። በታችኛው አዋሽ የአፋሩም ዕጣ ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ የጥጥ እርሻው የወንዙን ዳር ይዞበት ስለነበር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ ሲመጣ መሸሻ አጣ። ስለዚያ ረሀብ ስናወራ ወሎን እናነሳለን፤ ትክክል ነው። ስለ አፋር መንጋ ማለቅ ግን ብዙም አንናገርም።

በፓርኩ ውስጥ፣ በአዋሽ ገደል አፋፍ፣ ተሳቢ ቤቶች የተደረደሩበት የእንግዳ ማረፊያ ነበር። በንጉሡና በደርግ ዘመን ቅዳሜና እሑድን አዋሽ ያሳለፈ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ስሙ ማን ነበር? ከረዩ ሎጅ! ሰውየው ከብቱን ይዞ ከገባ ይቀጣል፤ ስሙ ግን አልጋ ይከራይበታል። እንግዲህ ማውስስ ታንክና ከረዩ ሎጅ፣ ውቅያኖስ ቢለያቸውም፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። (የመተሐራው በሰቃ ሐይቅ ደግሞ ከሌክ ሚድ በተቃራኒው እየሰፋ ሄዷል፤ በ1960ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ከ40 በላይ ሆኖ ግጦሹን በጨው ውሃ ውጦታል። የመስኖው ውሃ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን ያጠኑት ይናገራሉ።)

ይህን የምለው ፓርክ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ጥበቃ ባይኖር ኖሮ ሳላም ሆነ ዋልያ ዛሬ በሥዕል ብቻ በቀሩ ነበር። ሰሜን ተራሮችና ላሊበላ በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከየሎስቶን ጋር በአንድ ዝርዝር የሰፈሩ ናቸው፤ ይህ የሚያኮራ ነው። ሰሜን በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ በ2017 ወጣ። በ2016 ደግሞ ከፓርኩ እምብርት የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ተነስተው ደባርቅ ዳር ሰፈሩ። ካሣ ተከፍሏል፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ገብስ ሲያበቅል፣ በግ ሲያረባ የኖረ ገበሬ የከተማ ዳር ሰው ሲሆን የሚከፍለውን ዋጋ ገንዘቡ አይለካውም። የፈረንሳዩ የታሪክ ጸሐፊ ጊዮም ብላን በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን «አረንጓዴ ቅኝ አገዛዝ» ብሎታል። ቃሉ ለእኔ ትንሽ ያመልጠኛል፤ ምክንያቱም ፊርማው የእኛው የራሳችን ነው። ንጉሡም ደርግም ኢሕአዴግም ፈርመዋል።

ልዩነቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካኖቹ ገጹን ገልጠዋል፤ በበጎ ፈቃድ ሳይሆን ተከራክረዋቸው፣ ተሟግተዋቸው። በዲሴምበር 1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ ለሞአፓ ፓዩቶች 70 ሺህ ኤከር ገደማ፣ 700 ጋሻ፣ መለሰላቸው። ከተወሰደው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ የእሳት ሸለቆም በስቴቱ እጅ እንዳለ ቀርቷል። ቢሆንም በዚያው መሬት ላይ በ2017 ትልቅ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ሥራ ጀምሮ መብራቱ ለሎስ አንጀለስ ይሸጣል። በ2023 ደግሞ ፕሬዚዳንት ባይደን በዚያው በደቡብ ኔቫዳ አቪ ክዋ አሜ የተባለውን ተራራና ዙሪያውን፣ ግማሽ ሚሊዮን ኤከር ያህል፣ ብሔራዊ ሐውልት ብለው ሲያውጁ፣ የአገሬው ነገዶች በአስተዳደሩ እንዲሳተፉ ተደንግጓል። እኛ የ1872ቱን ገጽ ቀድተን የ1980ውን ሳናነበው ቀረን። በ1991 ደርግ ሲወድቅ በየፓርኩ ዙሪያ ያለው ሕዝብ ተመልሶ ገባ፤ የጥበቃ ቤቶች ተዘረፉ፣ አራዊቱም ተገደሉ። ይህንን «የሥርዓት አልበኝነት» ብቻ ብሎ ማለፍ የሃያ አምስት ዓመቱን ቂም አለማወቅ ነው።

ደግሞስ ለመቅዳት ፈረንጅ አገር መሄድ ነበረብን? መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ከፍተኛ ቦታ አለ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር። ከአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአካባቢው ባለ አጽመ ርስቶች ቄሮ በተባለ ሥርዓት (ከቅርቡ ዘመን የፖለቲካ ቃል ጋር አይምታታ) ይጠብቁት ነበር። ሣሩ ለቤት ክዳን እንዲደርስ ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ ቀኑ ሲደርስ ባለ መብቱ ሁሉ ገብቶ ያጭዳል፤ ሰርቆ የገባ ይቀጣል። የሎስቶን ከመታወጁ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት! የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ርስቱን ሲሽር ሥርዓቱም ተናጋ፤ ነዋሪዎቹ ግን በኮሚቴ መልክ መልሰው አቆሙት፤ ኋላም የአማራ ክልል የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀው። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያ አሉ። ማንም ከቀዬው አልተነሳም። ድንኳን ይዞ ለሚመጣ መስፈሪያ፣ ላልያዘም የማኅበረሰቡ ማረፊያ ቤት አለው፤ የሚከፈለው ኪራይም የሚገባው ሣሩን ለሚጠብቁት ነው።