የታንና ዋሻና የ1930ው የምድር መንቀጥቀጥ

በተራራ ሆድ የተቈፈረ ዋሻ በምድር መንቀጥቀጥ ጊዜ ከቤትና ከድልድይ ያነሰ ጕዳት የሚደርስበት መሆኑ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ ቤት ከመሬት በላይ ለብቻው ሲወዛወዝ፥ ዋሻ ከከበበው ዐለት ጋራ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ዐለቱ ራሱ ተሰንጥቆ አንዱ ወገን በሌላው ላይ ሲንሸራተት ግን ይህ መጠጊያ ይቀራል። ለዚህ ከጃፓኑ የታንና ዋሻ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። (ስሙ ከጣና ሐይቃችን ጋራ ዝምድና የለውም።)

ዋሻው ከቶክዮ ወደ ምዕራብ በሚሄደው በቶካይዶ የባቡር ሐዲድ ላይ፥ በአታሚ ከተማ አጠገብ ይገኛል፤ ርዝመቱም 7.8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሥራው በ1918 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በ7 ዓመት ያልቃል ተብሎ ነበር፤ ባቡር ያለፈበት ግን በ1934 ነው። በዚህ መካከል 67 ሰዎች ሞቱበት። ከተራራውም ብዙ ውሃ ስለ ፈሰሰ፥ ከዋሻው በላይ የሚኖሩት የታንና ገበሬዎች ምንጫቸው ደረቀ፤ የሩዝ እርሻቸውም ተበላሸ። የመሐንዲሶች ታሪክ ሲጻፍ ይህ ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል፤ መታለፍ የሚገባው ግን አይመስለኝም።

ኖቬምበር 26 ቀን 1930 ሊነጋጋ ሲል ምድር ተናወጠች። የውሃ ማስወገጃው ዋሻ ጫፍ ልክ ከስንጥቁ ደርሶ ነበር። ሠራተኞቹ ይቈፍሩት የነበረው ፊት ከ2 ሜትር በላይ ወደ ጎን ሸሽቶ፥ በስፍራው እንደ መስተዋት የለሰለሰ የዐለት ግድግዳ ተተካ። ዋናው ዋሻ ገና ስላላለቀ መሐንዲሶቹ መሥመሩን በጥቂቱ ጠምዝዘው አገናኙት።

እንዲህ ያለውን መንሸራተት የሚገታ የሲሚንቶ ግድግዳ የለም። ስለዚህ ዛሬ በስንጥቅ ላይ የሚያልፍ ዋሻ ሰፋ ተደርጎ ይቈፈራል፤ ግድግዳውም አንድ ወጥ ከመሆን ይልቅ በአጫጭር ክፍል ተለያይቶ ይሠራል፤ ይኸውም አንዱ ክፍል ቢሰበር ሌላውን ይዞት እንዳይወድቅ ነው። ከስንጥቅ ርቆ ላለው ክፍል መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ በግድግዳውና በዐለቱ መካከል የቀረውን ባዶ ቦታ በሲሚንቶ ውሃ መሙላት፥ ዐለቱን በብረት ዘንግ መስፋት፥ የዋሻውን አፍና ከበላዩ ያለውን ገደል ማጠናከር።

በ1980ዎቹ ሊቃውንት ስንጥቁን በጕድጓድ መርምረው፥ የሚንቀሳቀሰው ከ700 እስከ 1000 ዓመት ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ መሆኑን ገመቱ። በ1964 የተከፈተው የፈጣኑ ባቡር ዋሻም ይህንኑ ስንጥቅ ከአሮጌው አጠገብ ያቋርጣል። በዚያ መሥመር የመናወጡ የመጀመሪያ ሞገድ ሲደርስ የኤሌክትሪኩ ኀይል ይቋረጥና ባቡሮቹ ይቆማሉ።